ሸሪኬ አሆክ ያልጨረሰው መልስ

በዩንሊን ምድር፣ ከነጭ ሽንኩርቱ ማሳ እስከ ባሕሩ ዳር፣ የእኔን ድምፅ የማያውቅ ፍጡር ካለ ገና ከእንቁላሉ ያልወጣ ዳክዬ ነው። «የብረት ጉሮሮው ሁይ» ይሉኛል። ማጋነን አልወድም፤ ግን ጠዋት በሬዲዮ «እንዴት አደራችሁ» ስል አውራ ዶሮዎች የጀመሩትን ሳይጨርሱ ተራውን ይለቁልኝ ነበር። ከገበያው ጀርባ የምትኖር አንዲት አሳማ የእኔን የበዓል ፕሮግራም እየሰማች ከወሯ በፊት ወልዳለች፤ ግልገሎቹም ሁሉ ጤነኛ ነበሩ።

ይህን ድምፅ ግን ከአፌ ተቀብሎ በየሰው ቤት ያደርስ የነበረው ሌላ ሰው ነው። ሊያው ቲያምሆክ ይባላል፤ እኛ አሆክ እንለዋለን። ሠላሳ ዓመት ያህል በአንዲት ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ሸሪኬ ነበር። ባለፈው የሽንኩርት ተከላ ሰሞን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ሳለ ለማንም ምንም ሳይል ሞተ። ሳይናገር መሞቱ ማንንም አልገረመም፤ ሳይናገር ነው የኖረው።

ሽርክናችን ቀላል ነበር። እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይበይዳል። ገና ፈቃድ ሳይኖረን፣ ማሰራጫችንን ከቤቱ ጓሮ ባለው ቀርከሃ ውስጥ ደብቀን ስንሠራ ፖሊስ ወረረን። አንድ ሻለቃ ጦር ነው የመጣው፤ ሄሊኮፕተርም የነበረበት ይመስለኛል። አሆክ ሳይደነግጥ አንቴናውን አጋድሞ በሁለት ቀርከሃ መሃል አሰረና ልብስ አሰጣበት። ጦሩ የእኔን ካልሲና የሚስቱን ቀሚስ አይቶ ይቅርታ ጠይቆ ተመለሰ።

ይህን ታሪክ በቀብሩ ላይ ለለቀስተኛው ሳወራ፣ ሚስቱ እትዬ ሶክሁን ከኋላዬ ሆና፣ «ሁለት ፖሊሶች ናቸው» አለች። «አንደኛው ሽንት ቤት ጠይቆ ነው የገባው።»

እትዬ ሶክሁን እንዲህ ናት። ሰው ዕድሜ ልኩን የካበውን በአንድ ጣት ትንደዋለች።

እኛ ዘንድ ሬዲዮ በዘፈን አይኖርም፤ በጠርሙስ ነው የሚኖረው። ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለኩላሊት የሚሆን የሥር መድኃኒት በአየር ላይ እናስተዋውቃለን። አድማጭ ይደውላል፣ የልጁን ሠርግ ያወራል፣ አንድ ዜማ ያንጎራጉራል፣ በመጨረሻ ሁለት ጠርሙስ ያዛል። ደዋዮቹን ጣቢያው ባለበት በአሆክ ቤት፣ ከደረጃው ሥር፣ ቁም ሳጥን በምታክል ክፍል ተቀምጣ የምትቀበለው እትዬ ሶክሁን ነበረች። የማን ጉልበት እንደሚያብጥ፣ የማን ምራት እንዳኮረፈች፣ ማን መድኃኒቱን ራሱ እንደሚጠጣና ማን ለአሳማው እንደሚያጠጣ በቃሏ ታውቀዋለች። እኔ ከላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሕዝቡን አነቃቃለሁ። አሆክ መሃል ላይ ሆኖ ሽቦ ይፈታል፣ ሽቦ ያስራል። በቀን አንዴ ብቻ ማይክ ፊት ይቀመጥና የአየሩን ሁኔታ ይናገራል። የሚናገረውም አንድ ነገር ነው፤ «ዛሬ ይዘንባል።»

«ፀሐይ እኮ ጭንቅላት እየበሳ ነው» እለዋለሁ።

«አንድ ቀን ይዘንባል።»

«ሰው ይታዘብሃል።»

«ባልዘነበ ቀን ማን ልብ ይላል? በዘነበ ቀን ግን ያስታውሱኛል።»

እውነቱን ነው። በአገሩ ሁሉ እንደ ነቢይ ይታይ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው ከተቀበረ በኋላ ልጁ ጁንሆንግ ከዋና ከተማው ከታይፔ መጣ። ጁንሆንግ ደመና በሚነካ ሕንጻ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጥ፣ ንጹሕ፣ ጨዋ ልጅ ነው። እኔ ነኝ ብስክሌት ያስተማርኩት፤ ያን ዕለትም የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ አይቶ ሊወስደው ነበር፣ እናቱ ከለከለች። ከፊት ሳሎን፣ የአባቱ ፎቶና የመሥዋዕቱ ጠረጴዛ ፊት አስቀምጦኝ ሻይ ቀዳልኝ። ሻይ እየቀዳ የሚናገር የታይፔ ሰው ሁልጊዜ ያስፈራኛል።

«አጎቴ ሁይ፣ የጣቢያውን ሞገድ የሚፈልግ ድርጅት አለ» አለኝ። «ትልቅ ነው። የአባቴን ግማሽ ድርሻ ከእናቴ ሊገዙ ተስማምተዋል። የእርስዎንም ከፈለጉ ይገዛሉ።»

«ገዝተው ምን ሊያደርጉት?»

«የታይፔውን ስርጭት እዚህ ያስተላልፉበታል። ዘፈን፣ የትራፊክ ዜና…»

«የታይፔ ትራፊክ ለሽንኩርት ገበሬ ምን ይፈይድለታል? ደግሞስ በየትኛው አፍ ነው የሚያወሩት? ግማሹ አድማጫችን በትምህርት ቤት የሚያስተምሩትን የታይፔዎቹን ቋንቋ ሰምቶ ለመናደድ እንኳ አይበቃም።»

«አጎቴ፣ እናቴ ስልሳ አምስት ዓመት ሞላት። እስከ መቼ ስልክ ታነሳለች?»

«እስከፈለገች ድረስ።»

«ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

«ምን ብዬ እጠይቃታለሁ? ስልኩ ይጮሃል፣ ታነሳዋለች።»

ቆሽቴ አረረ። ግማሽ ሬዲዮ ማለት እኮ ግማሽ ዶሮ ማለት ነው፤ ታየዋለህ እንጂ አይጮህም። እሷ ከሸጠች እኔ ከነጉሮሮዬ ጎዳና ላይ ነኝ። ሌላ ሥራ አላውቅም። ዓለም አቀፍ ጥሪዎች ነበሩኝ፣ አልክድም፤ ግን ሁሉንም በጊዜው ንቄ ትቻቸዋለሁ።

በዚህ መሃል እትዬ ሶክሁን የተላጠ ፍራፍሬ ይዛ ገባች። ሁለታችንንም አየችን። «ለምን አትጠይቁትም?» አለችና በአገጯ የአሆክን ፎቶ አመለከተች። «ግማሹ የእሱ ነው። ጣቢያው በእጃችን ይቆይ እንደሆን ይናገር። ሦስት ጊዜ እሺ ካለ አልሸጥም። ካላለ ጁንሆንግ ያመጣውን እፈርማለሁ።»

የምንጠይቀው በጨረቃ እንጨት ነው። አማልክትንም ሙታንንም የምናነጋግረው በእነሱ ነው፤ ሁለት ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ እንጨቶች፣ አንድ ጎናቸው ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጎናቸው እንደ ጠገበ ሰው ሆድ ያበጠ። ስትጥላቸው አንዱ ሆዱን ሌላው ጠፍጣፋውን ካሳየ «እሺ» ነው። ሁለቱም ሆዳቸውን ካሳዩ «እምቢ»። ሁለቱም ጠፍጣፋቸውን ካሳዩ ሟቹ እየሳቀ ነው፤ ጥያቄህን አስተካክል ማለት ነው። እንዲህ ላለ ከባድ ጉዳይ ደግሞ እሺው በተከታታይ ሦስቴ መምጣት አለበት።

«በቀጥታ ስርጭት ይሁን» አልኩ።

ጁንሆንግ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። «አባቴን በሬዲዮ?»

«በሬዲዮ የኖረን ሰው በሹክሹክታ ልትጠይቀው ነው? አድማጩስ የእሱ ቤተሰብ አይደለም?»

እትዬ ሶክሁን ትከሻዋን ሰበቀች። «ይሁን። የምትፈልገው አንተ ነህና አንተው ጣል። በኋላ ልጄ አበላሸው እንዳትል።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ የማይኩን ገመድ በደረጃው ጎትቼ ሳሎን አወረድኩት። ጠረጴዛው ላይ የተቀቀለ የአሳማ እግር፣ ኦቾሎኒና የሩዝ አረቄ ቀረበ። ሥርዓቱን የሚያውቀው መምህር ካንግ፣ ሰውን ሁሉ ወደ መቃብር ሲሸኝ የኖረ ቀጭን ሽማግሌ፣ ዕጣን ለኩሶ አንድ ጥግ ላይ ቆመ። የሰማን ሰው በሚሊዮን የሚቆጠር ነው። ዩንሊን ያን ያህል ሕዝብ የላትም ይሉኛል፤ ሌላ አገርም ሰምቷል ማለት ነው።

«ወገኖቼ፣» አልኩ፣ «አሁን ወንድሜን አሆክን ልጠይቀው ነው። ማንኪያችሁን አስቀምጡ። ሞተር ሳይክል ላይ ያላችሁ ዳር ያዙ።» ተንበረከክሁ። «አሆክ፣ ሁይ ነኝ። ጣቢያችን በእኛው እጅ እንዲቆይ ትወዳለህ?»

ጣልኩ። ቀጭ፣ ቀጭ። አንዱ ሆድ፣ አንዱ ጠፍጣፋ።

«እሺ ብሏል!» ስልኩ ከደረጃው ሥር መጮህ ጀመረ። ማንም አላነሳውም።

ሁለተኛ ጣልኩ። እሺ። ጁንሆንግ መነጽሩን አወለቀና ወልውሎ መልሶ አደረገው። መምህር ካንግ እንኳ ወደፊት አንድ እርምጃ ቀረበ።

ሦስተኛውን ጣልኩ። አንደኛው እንጨት ወለሉን መታና ሆዱን አሳይቶ ተዘረጋ። ሁለተኛው በጫፉ መሽከርከር ያዘ። ዞረ፣ ዞረ፣ ቀስ አለ፣ ወደ ሆዱ አዘነበለ። ጠፍጣፋው ወደ ላይ ሊሆን ነው ማለት ነው። የሠላሳ ዓመት የሬዲዮ ሰው ውጤት ሲመጣ ቀድሞ ይናገራል እንጂ አይጠብቅም፤ እኔም ማይኩን አንገቱን ይዤ፣ «ሦስት! ሦስት እሺ! አሆክ አልሸጥም ብሏል!» አልኩ።

ከውጭ ርችት ተንጣጣ። ከገበያው፣ ከቤተ መቅደሱ በር፣ ከኦቾሎኒ መጋዘኑ፣ አገሩ ሁሉ ፈነዳ። እኔ ሁለት እጄን ወደ ላይ እንደዘረጋሁ ስመለከት ሳሎኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች አንዳቸውም አይደሰቱም። ሁሉም ወለሉን ያያሉ።

እንጨቱ አልወደቀም። ካዘነበለበት ተመልሶ፣ በጫፉ፣ እንደ ተቆጣ ድመት ጅራት ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ጁንሆንግ በዝግታ።

መምህር ካንግ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀና አለ። «በሕይወቴ ሁለተኛዬ ነው» አለ።

«እሺ ነው እምቢ?» አልኩት፣ ማይኩን በመዳፌ አፍኜ።

«ምንም አይደለም። ጥያቄው ተጠይቋል፤ መልሱ መንገድ ላይ ነው። መልስ መንገድ ላይ እያለ ደግሞ ሁለተኛ አይጠየቅም።»

«ታዲያ መቼ ይደርሳል?»

«እንጨቱ ሲወድቅ።»

«መቼ ይወድቃል?»

«እኔ የሥርዓት ሰው ነኝ፣ ልጄ። የስበት ሰው አይደለሁም።»

እስኪ አሁን ይህን ለአድማጭ እንዴት ትናገረዋለህ? መዳፌን ከማይኩ ላይ አነሳሁ። «ወገኖቼ፣ አንድ ትንሽ ማስተካከያ አለ» ብዬ ጀመርኩ። ማስተካከያ የሚለውን ቃል በአየር ላይ ስጠቀም ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ስልኩን በዚያው ድምፅ ማጉያ ላይ ከፈትነው። ቀድማ የገባችው የሽንኩርት ነጋዴዋ እማማ ላን ናት።

«አንተ ሁይ፣» አለች፣ «ለልጅ ልጄ ሠርግ ያስቀመጥኩትን ርችት ጨርሻለሁ። ማነው የሚተካልኝ?»

«እማማ፣ ደስታው እኮ አልቀረም፤ ዘገየ እንጂ።»

«አሆክ ቢሆን ኖሮ እንጨቱ ሳይወድቅ አይናገርም ነበር።»

«አሆክማ ወድቆም አይናገርም።»

«እሱን ነው የምልህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ቤት ሕይወት ተቀየረ። እንጨቱ ከቆመበት እንዳይናወጥና ዝንብ እንዳይነካው ምግብ የምንሸፍንበትን የወንፊት ክዳን ደፋንበት። በዙሪያው ቀይ ገመድ ታሰረ። ሰው ሁሉ ባዶ እግሩን፣ በጣቶቹ ጫፍ መሄድ ጀመረ። እኔ በሬዲዮ የኦቾሎኒ ጫኝ መኪናዎች በሌላ መንገድ እንዲዞሩ ለመንኩ፤ ዞሩም። በሳሎኑ ውስጥ ማስነጠስ የሚፈልግ ሰው ወደ ጓሮ እየሮጠ ነበር የሚወጣው።

በቀን ሦስት ጊዜ «የቆመው እንጨት ዜና» የሚል አስገባሁ። ዜናው አጭር ነው፤ «አሁንም ቆሟል።» ግን እንዴት እንደምለው ብትሰሙ! አድማጭ ከሥራው ተነስቶ ያጨበጭብ ነበር። ሰው ከየመንደሩ በአውቶቡስ እየመጣ ይሰለፋል፤ ሰልፉ እስከ ባሕሩ ይደርሳል። ከወንፊቱ ፊት አጎንብሶ አንዱ ልጁ ፈተና እንዲያልፍ፣ አንዷ ባሏ ቁማር እንዲተው ይለምናሉ። መድኃኒታችን እንደ ውሃ ተሸጠ። አሆክ በሕይወት ሳለ ያላገኘውን ተወዳጅነት ሞቶ በአንድ እንጨት አገኘ።

እትዬ ሶክሁን ደግሞ የራሷን ሳሎን መጥረግ አቃታት። «ባሌ ጎበዝ ነው» ትላለች በመጥረጊያው ጫፍ ወንፊቱን እየዞረች። «በቁሙም ይህን ጥግ አላስጠርግም ብሎኝ ነበር።»

ድርጅቱ ወይዘሪት ዱዋን የምትባል ሴት ላከ። ጥቁር ልብስ፣ ጥቁር ቦርሳ፣ በጣም ሥርዓት ያላት ልጅ ናት። ውሉን ይዛ ነው የመጣችው። እንጨቱን ስታይ ቦርሳዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች፣ ሦስት ጊዜ እጅ ነሳች፣ ከዚያ ጁንሆንግን ወደ በሩ ወሰደችው።

«አለቃዬን ምን ልበለው?» ስትለው ሰማኋት።

«ትንሽ ይጠብቁ።»

«ምክንያቱን ይጠይቀኛል።»

«አባቴ እያሰበ ነው በይው።»

«አባትህ አልሞተም እንዴ?»

«ሞቷል። እንዲህ ነው እኛ ጋ።»

እሷን ከሸኘ በኋላ ጁንሆንግ ባትሪ ይዞ በሆዱ ወለሉ ላይ ተኛ። ወንፊቱን በትንሹ አንስቶ ሥሩን ያይ ጀመር።

«ምን ትፈልጋለህ?» አልኩት።

«ማስቲካ።»

«ማስቲካ በዕድሜዬ አኝኬ አላውቅም።»

«ሙጫስ?»

«ሙጫም አላኘክሁም። ጁንሆንግ፣ አንድ ሚሊዮን ሰው እየሰማኝ ሙጫ ልቀባ?»

«ቢሰሙዎትም አያዩዎትም እኮ፣ አጎቴ።» ከኪሱ ስስ ወረቀት አውጥቶ በእንጨቱና በወለሉ መሃል ሊያሳልፍ ሞከረ። ወረቀቱ ትንሽ ገባ። እንጨቱ ትን እንዳለው ሰው ተነቃነቀ። ተመልሶ ቆመ።

«ጁንሆንግ፣» አለች እናቱ ከወጥ ቤት በር፣ «አባትህ ገና አልጨረሰም። ተነስ፣ ሸሚዝህ ይቆሽሻል።»

ልጁ ተነሳ። ሙጫ እንዳላገኘ ግን ለማንም አልተናገረም። የታይፔ ትምህርት እንዲህ ነው።

አንድ እኩለ ቀን ላይ፣ እኔ ከላይ ስለ ወገብ መድኃኒት እያወራሁ ሳለ፣ ምድር ተንቀጠቀጠች። እኛ አገር መንቀጥቀጥ ብርቅ አይደለም፤ ይህኛው ግን ተራራ ከቦታው ያነሳ ነበር፤ በኋላ በዜና «መለስተኛ» አሉት፣ ምቀኞች ናቸው። ማይኩን ጥዬ ወረድኩ። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ ደረጃውን የነካሁ አይመስለኝም። ሳሎን ስደርስ ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ፣ ወንፊቱ ይዘላል፣ እንጨቱ በጫፉ ቆሞ እንደ ሰከረ ሰው ዳንስ ይዟል። በዚያ መሃል የአሆክ ፎቶ ከግድግዳው ተነቅሎ በፊቱ ተደፋ።

ወደ እንጨቱ ልሮጥ ነበር፤ እግሬ ግን ወደ ፎቶው ሄደ። አነሳሁት። መስታወቱ በአፉ ላይ ተሰንጥቋል። ተንበርክኬ፣ «አሆክ፣ ግዴለም» አልኩት። «ይሸጥ። ይውደቅ። ጣቢያውንም አልፈልገውም። እኔ የማወራው አንተ እየሰማህ ስለነበር ነው። አሁን ለማን እንደማወራ አላውቅም። እስኪ ተመለስና ይዘንባል በለኝ።»

መንቀጥቀጡ ቆመ። ከጠረጴዛው ሥር እትዬ ሶክሁን ወጣች። እዚያ ተጠልላ እንደነበር አላየሁም። ቀሚሷን አራገፈች፣ ፎቶውን ከእጄ ተቀብላ ግድግዳው ላይ መልሳ አቃናችው፣ እንጨቱንም አየችው። ግማሽ ዞሮ ፊቱን ወደ ወጥ ቤት አድርጎ ቆሟል።

«ሁይ፣» አለችኝ፣ «ማይክ ሳይኖር ስታወራ ዛሬ ሰማሁህ።»

«ደንግጬ ነው።»

«አውቃለሁ። ወደ ላይ ውጣ፤ ሰው ሞተ እንዳይሉ።»

ወጣሁና በድምፄ ብዛት እንጨቱን ደግፌ እንዳቆምኩት ለአድማጭ ተናገርኩ። ምን ልበል ሌላ?

ነገሩ ግን እንዲሁ ሊቀጥል አልቻለም፤ አሆክ ከሞተ መቶኛው ቀን ደረሰ። በዚያ ቀን የሟች ጠረጴዛ ይነሳል፣ ስሙም ከአባቶቹ ስም ጋር በአንድ ሰሌዳ ይገባል። ጠረጴዛው እንዲነሳ ደግሞ ወለሉ ላይ ያለው ሁሉ መነሳት አለበት። እንጨቱም ጭምር። ሰው ግቢውን ሞልቶ በመስኮት ተንጠለጠለ። ወይዘሪት ዱዋን ቦርሳዋን ታቅፋ በር ላይ ቆመች። እኔ ማይኩን ይዤ ከወንፊቱ አጠገብ ቆምኩ። እንጨቱን የሚያነሳ ሰው መልሱን ያነሳል፤ ማን ይደፍራል?

መምህር ካንግ ወንፊቱን ገለጠ። «የቤቱ ሰው ያንሳው» አለ።

ጁንሆንግ አንድ እርምጃ ሄደ፣ እናቱን አየ፣ አንድ እርምጃ ተመለሰ። በእኔ ጣቢያ እንዲህ ያለ ዝምታ ተሰራጭቶ አያውቅም።

እትዬ ሶክሁን እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ጎንበስ አለችና እንጨቱን እንደ ወደቀ ማንኪያ አነሳችው። ከመስኮቱ ሰው «ውይ» አለ። አቧራውን እፍ ብላ ከጓደኛው ጋር መዳፏ ላይ አስቀመጠችው።

«መልሱስ?» አልኩ።

«መልስ?» አለች። «ይሄ ሰውዬ በቁሙ ምሳ ምን ትበላለህ ስለው እራት ድረስ ያስብ ነበር። ቤቱን ምን ዓይነት ቀለም እንቀባው ብዬው ቀለሙ ሳይመረጥ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሞቶ ሦስት ወር ቢያስብ እኔን አይገርመኝም። ግን ከእንግዲህ አልጠብቀውም።» ወደ ልጇ ዞረች። «አልሸጥም።»

«እማ፣ ግን ድካምሽ…»

«ስልክ ማንሳት ደክሞኛል፣ ልክ ነህ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው የሚያወራውን ከእኔ ሰምቶ ነው ይሄ» አለችና በአገጯ እኔን አመለከተች፣ «ወደ ላይ ወጥቶ አሳብጦ የሚያወራው። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ማይኩ የእኔ ነው። ያልተነፋውን እነግራቸዋለሁ።»

«እኔስ?» አልኩ።

«አንተ ስልክ ታነሳለህ።»

«እትዬ፣ ይሄ ጉሮሮ እኮ…»

«ከሰዓት በኋላ ታወራለህ። ለአንድ ሰዓት ብቻ። ያን ቀን መሬቱ ሲናወጥ እንዳወራኸው ከሆነ ሁለት እሰጥሃለሁ።»

ጁንሆንግ ሳቀ። አባቱ ከሞተ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ወይዘሪት ዱዋን ቦርሳዋን ከፍታ ያወጣችው ውል ሳይሆን ስልኳን ነበር፤ እንጨቱ ከእትዬ ሶክሁን መዳፍ ላይ ሳይነሳ ፎቶ ላንሳው ብላ ጠየቀች። ለአለቃዋ ሌላ የምታሳየው ነገር የላትም።

የቀረው አንድ ጥያቄ ነበር፤ አሆክ ከአባቶቹ ጋር ለመግባት ፈቃደኛ ይሁን እንደሆን። እትዬ ሶክሁን ራሷ ጣለች። ቀጭ፣ ቀጭ፤ እሺ። እንጨቶቹ አልዞሩም፣ አልተሽከረከሩም፣ ጠብ እንዳሉ ቀሩ። «ሥራ የሌለበት ጥያቄ ሲሆን ቶሎ ይመልሳል» አለች። መምህር ካንግ ስሙን ሰሌዳው ውስጥ አስገባ፣ ጠረጴዛው ወጣ፣ እሷም መጥረጊያ አምጥታ ያን ጥግ አሳምራ ጠረገችው።

በማግስቱ ጠዋት ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍል ውስጥ ገባሁ። ጉልበቴ ከግድግዳው ይጋጫል፤ እሷ እንዴት ይህን ሁሉ ዓመት እንደተቀመጠች እንጃ። ከላይ ድምፅ መጣ። «እንዴት አደራችሁ። ሶክሁን ነኝ። ስልካችሁን ሳነሳ የኖርኩት።» ከዚያ ዝም አለች። ልጮህላት ስል ስልኩ በጩኸት ፈነዳ። አገሩ በሙሉ ደወለ፤ ይህንን አላጋነንኩም፤ እኔው ነኝ ያነሳሁት።

«ሄሎ፣ ሶክሁን?» አሉ አንዲት እናት።

«እሷ አየር ላይ ናት፣ እማማ። ምን ልታዘዝ?»

«አንተ ማነህ?»

«የብረት ጉሮሮው ሁይ ነኝ።»

«እሱ ሞተ አልተባለም እንዴ?»

«የሞተው አሆክ ነው።»

«እህ። እሱማ ደህና ሰው ነበር፤ ዝናብ ያውቃል። በል ጻፍ፤ ሁለት ጠርሙስ የጉልበት። ደግሞ አታውራ፣ እሷን እየሰማሁ ነው።»

ጻፍኩ።